እኛ እያለን መጥረጊያ አትይዝም

መንግሥት የሚሠራውን ነገር በሙሉ የመተቸት አመል አለብኝ። ሆሳዕና ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ከዚህ አመል ያመልጣል ብዬም አላስብም። ግብር ሲጨመር ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው፤ መንገድ ይሰፋል ሲባል የሚፈርሰው የእሱ ደጃፍ ነው፤ ለዚህ አዋጡ ለዚያ አዋጡ ሲባልም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። እኔ የምለው አጭር ነው። መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ ፍርድ ይስጥ፤ ከዚያ ወዲያ ከጓዳችን ይውጣ። ለዘይት እያሰለፈ፣ ዋጋ እየተመነ፣ ለችግረኛ በየወሩ እየሰፈረ ሰውን እንደ ሕፃን ልጅ አያሳድግ። ችግረኛን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ዕድሩ ነው። የኛ አገር ሰው ማንም ስንዴ ሳይሰፍርለት በእንሰቱና በዘመዱ ነው የኖረው። ይህን ሻይ ቤት እላለሁ፣ ሠርግ ላይ እላለሁ፣ ለቅሶ ላይም እላለሁ። ባለቤቴ፣ "ሬሳው እንኳ ሰልችቶታል" ትለኛለች።

አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ "ሽማግሌው ተጸጽቶ ዞረ" የሚል እንዳይኖር ነው። መጸጸቱንስ ተጸጽቻለሁ፤ የተጸጸትኩት ግን በሌላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ወደ ቀበሌያችን የመጣ ጊዜ ነው። በጣም የተቸገሩ ሰዎች ተመርጠው መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቦይ ያጸዳሉ፣ በወሩ ክፍያቸውን ያገኛሉ። የተመረጡት ስማቸው ስብሰባ ላይ ለነዋሪው ይነበባል፤ ይገባዋል አይገባውም ተብሎም በአደባባይ አስተያየት ይሰጥበታል። በዚያ ስብሰባ ላይ የአጥር ጎረቤቴ ስም ተነበበ።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ደንበኛዬም ስለነበር የሱቄን ግድግዳ የሠራው እሱ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ከዶዮገና ገበያ ቆጮ እያመጣች ሆሳዕና ላይ ትቸረችር ነበር። ኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ሸክሙ ሲቀር ንግዱም አብሮ ቀረ። አንድ ልጇ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሸክም እንጂ መጥረጊያ አያቅታትም ነበር፤ ያ ሥራ ለእሷ የተሠፋ ነበር ማለት ይቻላል።

እኔ ግን ስሟ ሲነበብ ደሜ ፈላ። የዚያ የደግ ሰው ሚስት ድህነቷ በማይክሮፎን ሲነገር መስማት አልቻልኩም። ብድግ አልኩና፣ "ይህች ሴት ወገን አላት። እኛ እያለን መጥረጊያ አትይዝም" አልኩ። ዕድሩም ቤተ ክርስቲያኑም ሰፈሩም ይይዟታል፣ ቦታው ወገን ለሌለው ይሰጥ ብዬ ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ሽማግሌዎች መጥተው እጄን ጨበጡኝ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት "አሜን" አለች፤ ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ስሟ ተሰረዘ፣ በቦታዋ ሌላ ሴት ገባች፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ያዝናት። ዕድርተኛው በቆሎ አመጣላት፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቆጮና ጎመን ይዘው መጡ፤ እኔ ከወፍጮ ቤት ዱቄት አስጫንኩላት፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዋንም በአዲስ ቆርቆሮ አስቀየርኩላት። ያን ሰሞን ቤቷ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከዚያ አንዱ ልጅ ዳረ፣ አንዱ ታመመ፣ የጤፉም የዘይቱም ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ሰው ሁሉ ወደ ራሱ ዞረ። አንዳንዱም "ልጇ ከደቡብ አፍሪካ ሳይልክላት አይቀርም" ማለት ጀመረ። እኛ አገር ልጁ በዚያ አቅጣጫ የወጣ ሰው ሁሉ ሀብታም ነው። ይህን ወሬ ስሰማ፣ አፌን በቆረጠው፣ ደስ አለኝ፤ ትከሻዬ ቀለለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ልጃችን ወልዳ ልታርሳት አዲስ አበባ ሄዳ ብዙ ወር እዚያው ከረመች። የዱቄቱን ነገር ታስታውሰኝ የነበረችው እሷ ነበረች።

የሚያሳፍረኝ ይህ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። እርዳታው በቀነሰ ቁጥር ወሬዬ እየጨመረ ሄደ። ዕቃ ላደርስ ሾኔ ስሄድ፣ ለቅሶ ልደርስ ሀደሮ ስወርድ፣ የኛ ሰፈር ሰው አንዲት ሴት ከመንግሥት እጅ ተቀብሎ ራሱ እያኖራት ነው እያልኩ አወራለሁ። በየከተማው ትንሽ ትንሽ እጨምርበት ነበር፤ ሀደሮ ስደርስ የማገዶዋንም ነገር ጨርሼላት ነበር። እዚያ ለቅሶ ላይ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው፣ እኛም እንደናንተ ልናደርግ ነው አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በርቱ አልኳቸው። በእሷ ቦታ የገባችው ሴት እንኳ የሱቄን ደጃፍ ስትጠርግ፣ በአንተ ምክንያት ነው እንጀራ ያገኘሁት እያለች ትመርቀኛለች። ያንንም ምርቃት አሜን ብዬ እቀበል ነበር።

ነገሩ ያልተዋጠለት ቆርቆሮ የሚጭንልኝ ሾፌር ብቻ ነበር። ሙስሊም ነው፤ ብዙ ዘመን አብረን ሠርተናል። መሪውን ይዞ እየሳቀ፣ እኛ ጋ ዘካ ልክም ጊዜም አለው፣ ደስ ሲልህ ሰጥተህ ሲከፋህ የምትተወው አይደለም፣ የናንተ ነገር ግን የሞቅታ እንዳይሆን አለኝ። አንተ ደግሞ የቀበሌ ሰው መሰልክ ብዬ አፉን አስዘጋሁት። እስከ ሾኔ ድረስ ስለ ጎማ ዋጋ ስናወራ ሄድን።

በዚህ መሀል ግቢዬ ፀሐይ መግባት ጀመረ። የእኔንና የእሷን ጓሮ የሚለየው ዝቅ ያለ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ባሏ የተከለው እንሰት ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ ስለነበር ጥላው እኛ ጋ ያርፋል፤ ልብስ አይደርቅልንም ነበር። ያን ሰሞን ግን ግቢው ወለል ብሎ በራ። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን አውጥቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ዜናውን እየተቸሁ ፀሐይ እሞቃለሁ። እሷ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሰላም ትለኛለች። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ ደህና ነሽ ወይ እላታለሁ። ተመስገን ትላለች። ተመስገን ካለችማ ደህና ናት ብዬ ወደ ሬዲዮዬ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ ከአዲስ አበባ የተመለሰች ዕለት ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ ጓሮ ወጣች። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ እንሰት ውስጥ ነው ያደገችው። አጥሩ ጋ ቆማ ቆየችና ጠራችኝ። ይህ ሁሉ ፀሐይ ከየት መጣ አለችኝ። ደስ ያላት መስሎኝ፣ እንግዲህ ልብስሽ በግማሽ ቀን ይደርቅልሻል አልኳት። ወይ እኔ!

"ያልደረሰውን እኮ ነው የነቀለችው" አለችኝ። "አሚቾ እየቀቀለች ነው የከረመችው። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራ ነበር?"

እንሰት ለማያውቅ ሰው ልንገር። ተክሉ ቆጮ የሚሆነው ዓመታት ቆይቶ ሲደርስ ነው። ትልቁ ሲቆረጥ ታናሹ እየተከተለ፣ ጓሮ እንዲህ ተራ በተራ ነው ሰውን የሚያኖረው። ሰው ሲጨንቀው ያልደረሰውን ነቅሎ ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቅሎ ይበላል፤ ግን የሚበላው የከርሞውንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። አጥሩን ተንጠራርቼ አየሁ። የቀረው ክንድ የማያህል ችግኝ ብቻ ነበር። ጉልበቷ እንደዚያ ሆኖ ያንን ሁሉ ብቻዋን ቆፍራ ስትነቅል እኔ ሬዲዮ እሰማ ነበር።

ዕለቱን ዱቄት አሸክሜ ሄድኩ። ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ቁጭ በል አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣኋት፤ መቆጣቴን እዩልኝ። ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬ ነው አለች። አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስመለስ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ራሴ አደርስላታለሁ ብዬ ለባለቤቴ ማልኩላት። እሷ ግን ታውቀኛለች። ሰሞነኛ ነህ፣ ትንሽ ይዘህ ትተዋለህ አለችኝ። "ይልቅ ሂድና ያስወጣሃትን አስገባት።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎረቤት ከመንግሥት ይሻላል የሚለው ሐሳቤ ስህተት የለበትም። ግን ሐሳቡ ጎረቤት የሚሆን ሰው ይፈልጋል። መንግሥት ቢረሳት ማመልከት ትችል ነበር፤ ቀበሌ ሄዳ ወረፋ ትይዛለች፣ ትጨቃጨቃለች፣ ትጮኻለች። እኔ ስረሳት የት ሄዳ ትጩህ? እኔ ዘንድ መጥታ ዱቄቴስ አትለኝም፤ ይሉኝታ አለባት። የሚጠየቅ በር ዘግቼ የማይጠየቅ በር ነበር የከፈትኩላት።

ዕድል ሆኖ አንዱ ተጠቃሚ ለቅቆ ስለነበር ቀበሌው የጎደለውን ቦታ ሊሞላ ስብሰባ ጠራ። ማለት የነበረብኝ አጭር ነው። እንይዛታለን ብለን አልያዝናትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቦታዋን መልሱላት። ባለቤቴ ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ለጎረቤቴም ዛሬ እናገርልሻለሁ ብያት ነበር። አምናኝ፣ የተሻለውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጉልበቷን እየጎተተች መጥታ ከፊት ተቀመጠች።

ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው። ገና ስገባ፣ ጋሼ ዛሬስ ማንን ሊያስቀሩብን ነው ብሎ ቀለደ፤ ሰው ሳቀ። የሻይ ቤት ጓደኞቼ ተደርድረዋል። ሀደሮ ለቅሶ ላይ ሳወራ የሰማኝ ሰውም መሀላቸው ነበር። ተነሳሁ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ሲፈታ የተፈታው ለሌላ ነገር ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ጀመርኩ። ስለ ግብሩ፣ ስለ መዋጮው፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ነጋዴው ከጎበጠ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ማየት እንደማይችል ተናገርኩ። ሁሉም ውሸት አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ፣ በዚህ ዘመን ጎረቤት እንደ ድሮው ላይበቃ ይችላልና ይህችን እህታችንን ብታስቡልን አልኩ። ጥፋቴን መንግሥት ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ።

ሊቀ መንበሩ ግራ ገባው። ቦታው አንድ ነው፣ ሌላ የታጨች ሴትም አለች። ስለዚህ ወደ ጎረቤቴ ዞረ።

"እናቴ፣ ጎረቤቶችዎ ይረዱዎታል ተብሎ ነበር። አልረዱዎትም ማለት ነው?"

ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ዞራ አየችኝ። እየጠበቀችኝ ነበር፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ከተቀመጥኩበት "አልረዳናትም" ብል የቀረውን እሷ ትጨርሰው ነበር። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

"ረድተውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው" አለች። "ጋሼም አልተለየኝም። ምንም አልጎደለብኝም።"

ቦታው ለሌላዋ ተሰጠ። ስንመለስ ለእሷ እርምጃ ብዬ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ሰው ፊት ላዋርድህ አልቻልኩም ጋሼ አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ይህንንም ልናገር፦ ከአዳራሹ ስወጣ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ስሜ ተርፎልኝ ነበር። በዚያች ሴት ራብ ስሜ ስለተረፈ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አታካና ሠርታ ጠበቀችኝ። ቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራ የደስታ ምግብ ነው፤ ጎረቤታችን ቦታውን ስታገኝ ይዛላት ልትሄድ ነው ያዘጋጀችው። ሳህኑን ሸፍና ነጠላዋን ደርባለች። ገና ከበሩ፣ ተጻፈች ወይ አለችኝ።

"እሷው ራሷ ምንም አልጎደለብኝም አለች" አልኳት።

የጨመርኩበት ቃል የለም፤ እንዳለችው ነው የነገርኳት። ባለቤቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ተናደደች። ጓሮዋን ነቅላ እየበላች ሰው ፊት ይህ ምን የሚሉት ኩራት ነው፣ አንተ ለእሷ ስትል ተዋርደህ አለች። በጣም ተቀየመቻት። እኔ አላረምኳትም። ነጠላዋን አወለቀችና ሳህኑን ገልጣ ለእኔ አቀረበችልኝ። በላሁ።