በክብደቱ የመረጥነው

የስፌት ዕቃ የማስቀምጥባት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አለችኝ። ከክሩና ከመርፌው መካከል ሁለት የብሎን ዳዶዎች ተኝተዋል፤ መቀስ ፈልጌ እጄን በሰደድኩ ቁጥር ቀድመው የሚያገኙኝ እነሱ ናቸው። በከተማችን በንፋስ መውጫ ብርድ ብረት መንካት ምን እንደሆነ የነካ ያውቀዋል። አንደኛው ላይ ቢጫ ሙጫ ደርቆበታል። በጥፍሬ ብፍቀው አይለቅም፤ ስንት ዓመት ሞከርኩት።

"ምን ይሠሩልሻል? ጣያቸው" ይለኛል ባለቤቴ። እሱ ነገር ቶሎ ይረሳል፤ ደህና እንቅልፍ የሚተኛውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ አልጥላቸውም። እነዚህን ሁለት ዳዶዎች መርቀው የመረጡልኝ አባቴ ናቸው።

ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከገበያው በላይ ባለች ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር እንኖር ነበር። ቁም ሳጥን ሳይኖረን ኮምፒውተር ነበረን። አቧራ እንዳይነካው በነጭ ሻሽ እሸፍነዋለሁ፤ ሰው ሲመጣ ሻሹን የምገልጠው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ፊልም አይጠግብም፤ የሕንዱን፣ የቱርኩን፣ የአማርኛውን፣ የዘመድ አዝማዱን ሠርግ ሳይቀር ሰብስቦ በየስሙ ፎልደር ከፍቶለት ነበር። እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ይሰበሰብና አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ይታያል። በዚህ ሁሉ ላይ የአባቴ ድምፅ ተጨመረና ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ማለት ጀመረ።

አባቴ በእኛው አገር ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። ድጓ በየአገሩ ተምሮ የጨረሰ ሁሉ ለማስመስከር የሚመጣው እዚያ ነው። ስለዚህ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስሕተት ሲያዳምጡ ኖሩ ማለት ይቻላል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ ተማሪው ልክ ከሆነ ቃል አይወጣቸውም። ከተሳሳተ ብቻ ነው የሚናገሩት። ልጆች ሳለን የእርሳቸው ዝምታ ምስጋና እንደሆነ እናውቅ ነበር።

በኋላ ጉሮሯቸውን አመማቸው። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሕመሙ እየገፋ እንደሚሄድና ድምፃቸው ከመንፈቅ እንደማያልፍ ነገረኝ። ለሕክምናው ሲሉ እኛ ቤት ሰነበቱ። ድምፅዎን ልቅረጽ ስላቸው ግን ተቆጡኝ። "ድጓ በጆሮ ገብቶ በልብ የሚያድር ነው እንጂ በሳጥን የሚከተት እህል ነው?" አሉ። እኔም ተውኩት። አንድ ማለዳ ግን በአራራይ ማዜም ጀምረው፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከዳቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ "በይ፣ ያን ነገርሽን አምጪው" አሉኝ።

ከዚያ በየማለዳው ቢሮ ከመግባቴ በፊት በቪዲዮ ካሜራና በማይክሮፎን እንቀርጽ ነበር። ከዘመን መለወጫው ከዮሐንስ ጀምረው የዓመቱን በዓላት በተራ ተከተሉ። ጋቢያቸው የጤና አዳምና የዝንጅብል ሽታ ነበረው፤ ከወንበሩ ክንድ ላይ በጣታቸው ምት እየመቱ፣ ቆርቆሮው ጣራ በነፋስ ሲንኳኳ ነፋሱ እስኪያልፍ እየጠበቁ ያዜማሉ። "ይህ ንፋስ ድጓ አያውቅም" ይላሉ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጉልበታቸው ላይ ስትደርስ ያቆማሉ። እኔም የእያንዳንዱን ቀን በበዓሉ ስም ሰይሜ አስቀምጣለሁ። የቪዲዮ ሥራ ነውና ቦታ ይበላል፤ ኮምፒውተሩ የሞላው በዚህ ነው።

ካሜራውንና ማይክሮፎኑን ያዋሰን ወዳጄ ነበር። ወዳጄ ስል ይመረኛል፤ የምጠራበት ሌላ ቃል ግን የለኝም። ከስማዳ፣ ከወገዳ በታች ካለ ቀበሌ ድጓ ሊማር የመጣ፣ አባቴ ዘንድ ያደገ ልጅ ነው። እናቴ ከእኛ ድርሻ እኩል የእሱን ድርሻ ታስቀምጣለች። እኔ ሴት ልጅ ነበርኩና ከጉባኤው ገብቼ አልቀመጥም፤ የቀን ትምህርቱን ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ የሚደግምልኝ እሱ ነበር። ዛሬ የማውቃትን ጥቂት ዜማ ያወቅኩት በእሱ አፍ ነው። ይህን አልክድም። ድጓውን ሳይጨርስ ትቶ ንፋስ መውጫ ገባና ፍላሽና ስልክ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ ከፈተ። አባቴ አልተቀየሙትም፤ "ልጄ ነው፤ ሆዱ ተርቦ ነው" አሉ። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እግራቸው ሥር ይቀመጥ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲሞላ ሌላ ማን ዘንድ እሄዳለሁ? እሱ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ "እግሬን ላፍታታ" ብለው ተከተሉኝ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከውጭ የባጃጅና የበግ ጩኸት፣ ከውስጥ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አውጥቶ የባንኮኒው መስተዋት ላይ አስቀመጠልን። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም መዳፍ የሚያህሉ፣ ሁለቱም ላይ ሁለት ቴራ የሚል ተጽፏል።

"የትኛው ይሻላል?" አልኩት።

"እታለም፣ የሚስማማሽን ነው መውሰድ" አለኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያ ሰው የማይናገርበት ዕቃ አልነበረውም። ስለ ኬብል ጠይቁት፣ እስኪደክማችሁ ያስረዳችኋል።

እኔ ምን አልኩ? እንግዲህ የእኔ ጥፋት ይህች ናት። "አባባ፣ የእርስዎ ድምፅ የሚያድርበት ነውና እርስዎ ይምረጡ" አልኳቸው። ለበረከት ብዬ ነው። አባቴ ሁለቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። ልክ ገብስ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። በእኛ አገር እህል የሚገዛ ሰው ከማየቱ በፊት በእጁ ያነሣል፤ ፍሬ የያዘ ይከብዳል፣ ገለባ ይቀላል።

"ይኸኛው ፍሬ አለው" አሉ የቀኙን ወደ እኔ ዘርግተው። "ያኛው ግልብ ነው።"

እኔ ሳቅሁ። ከበሩ ላይ የቆሙ ገበያተኞችም ሳቁ። ወዳጄ አልሳቀም። በጨርቅ መስተዋቱን መወልወል ጀመረ፤ የተወለወለውን መልሶ ወለወለው። ከዚያ፣ "የኔታ ከመረጡማ እኔ ምን እላለሁ" አለ። ጉልበታቸውን ሳመ፤ እርሳቸውም ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ "እጅህን ይባርከው፣ ልጄ" አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሲቀበል አይቼ፣ ምን ዓይነት ትሑት ነው ብዬ ልቤ ራራለት። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ የራራሁት ነው።

ቤት ገብቼ መገልበጥ ጀመርኩ። በእኛ ቤት ታላቅ ይቀድማል፤ ማዕድ ላይም፣ መንገድ ላይም። ስለዚህ መጀመሪያ የአባቴን ድጓ ከዮሐንስ እስከ ደረሱበት አስገባሁ። ቀጥሎ ሠርጎቹን፣ ቀጥሎ የባለቤቴን ፊልሞች። በመጨረሻ "ልዩ ልዩ" ብዬ የሰየምኩትን፣ በስልክ የተቀረጸ ቁርጥራጭ ሁሉ የያዘውን ፎልደር። ሦስት ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ደወልኩለት።

"በቃ፣ ከኮምፒውተሩ አጥፊው" አለኝ። "ሸክሙን አቅልይለት።"

አጠፋሁት። ሁሉም ስም አዲሱ ላይ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር፤ ምን ያስፈራኛል?

የአባቴ ድምፅ ሐኪሙ ካለው ቀድሞ ሄደ። በመጨረሻ ውኃ ሲፈልጉ እንኳ በጣታቸው ወንበሩን ይመቱ ነበር፤ ያችኑ የዜማ ምት። ከፋሲካ በኋላ አረፉ። በሕይወት ሳሉ ቅጂውን ከፍቼ አልሰማሁም። ድምፁ ለጠፋ ሰው የገዛ ድምፁን ማሰማት ግፍ መስሎኝ ነው።

በአርባቸው ተዝካር ከቤተ ልሔም ተማሪዎቻቸው መጡ። አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ፣ "የየኔታን ድምፅ ይዛለች ይባላል፤ እስኪ አሰሚን፣ ልጄ" አሉኝ። ሻሹን ገለጥኩ፣ ዲስኩን ሰካሁ። ስሞቹ በተራቸው መጡ፣ ዮሐንስ፣ መስቀል፣ አስተምሕሮ። ዮሐንስን ከፈትኩ፤ አልከፍት አለ። መስቀልን ሞከርኩ፤ እምቢ። አንድ በአንድ ሄድኩ፣ ስም ብቻ። ካህናቱ አንገታቸውን አቅንተው ይጠብቃሉ። ወደ ወዳጄ ዞሬ፣ "ና እስኪ እየው" አልኩት። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መጥቶ ሁለት ጊዜ ነካካና፣ "ቫይረስ ነው" አለ። የቀረበለትን እህል ሳይቀምስ ወጣ።

ባሕር ዳር ወስጄ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ አስከፈትኩት። ሰውየው ሽፋኑን ሲፈለቅቀው ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ፣ ከጎኗ በሙጫ የተጣበቁ ሁለት ዳዶዎች። "እንዲከብድ ነው" አለኝ፣ ሰው በጤናው እንደሚያወራ። ካርዷ ስትሞላ አትናገርም፤ ብራና ፍቆ እንደሚጽፍ ሰው አሮጌውን እየፋቀች አዲሱን ትጽፍበታለች፣ ስሙን ብቻ ትተዋለች። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጠፋል። አባቴን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ። የቱርኩ ፊልም አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል።

ዳዶዎቹን በእጄ ይዤ ሱቁ ገባሁና መስተዋቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። አየና ምን እንደሆኑ አልጠየቀኝም።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ጅምላ ሻጮቹ ካርቶን ሙሉ ጭነውብኝ ነበር እኮ" አለ።

"ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።"

ወደ ጓዳው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ጫማው አየ። ከዚያ፣ "የኔታ ራሳቸው ናቸው የመረጡት" አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን የጣለኝ ግን ምላሱ ነው፤ በዚያች የገበያ ቀን አንድ ቃል ቢወጣው ይበቃ ነበር። "የኔታ፣ ያኛው ይሻላል" ቢል፣ አባቴ ስቀው የግራውን ያነሡ ነበር። ከአጥር ወዲያ ሆኖ ዜማ ያስተማረኝ አፍ ነው ዝም ያለው። አልሰደብኩትም። ዳዶዎቼን አንሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄድም፣ ዙሪያውን ነው የምሄደው።

"ልዩ ልዩ"ም ተርፏል፤ መጨረሻ ስለገባ። በእሱ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ቅጂ አለች። አንድ ቅዳሜ በስልኬ ከበሩ ላይ ሆኜ ያነሣኋት ናት፤ ረስቻት ነበር። ወዳጄ አባቴ እግር ሥር ተቀምጦ ድሮ የተማራትን ዜማ ይላል፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ይስታል። ያን ጊዜ አባቴ በዚያ በሻከረ ጉሮሯቸው፣ "ቆይ፤ እንደገና በል፣ ልጄ" ይሉና ሐረጓን ራሳቸው ያወጡለታል። አንዲት ሐረግ ናት። ነፋሱም ያን ጊዜ ዝም ይላል።

የእሱን ቆርጬ የእርሳቸውን ብቻ ላስቀር ሞክሬ ነበር። ተቆርጣ ስሰማት ግን ከየት እንደመጣች የማትታወቅ፣ ለማንም ያልተነገረች ቃል ሆነችብኝና እንደነበረች መለስኳት። አሁን በሦስት ዲስክ ላይ አለች፤ ሦስቱንም ከመግዛቴ በፊት እስኪሞሉ ጭኜ፣ መልሼ ከፍቼ ነው የፈተንኳቸው። ሻጮቹ ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹ።

ስትናፍቀኝ እከፍታታለሁ። ስሙን መጥራት የማልፈልገው ሰው ድምፅ ቤቴን ይሞላዋል፤ መልካም ድምፅ ነበረው፣ ምን ላድርግ። እጄን አጣጥፌ እንዲሳሳት እጠብቃለሁ። እሱ ካልተሳሳተ አባቴ አይናገሩም።