ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ልንቀበል የሄድን ዕለት

ያኔ ቦንጋ ሞባይል አልገባም። በምሠራበት ሆቴል ባንኮኒ ላይ አንዲት ጥቁር ስልክ ነበረች፤ ስትጮኽ ግቢው በሙሉ ይሰማታል፤ ከማንም ቀድሜ የማነሳት ግን እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ አልጋ መመዝገብና ቁልፍ መስጠት ሆኖ፣ እንግሊዝኛ ስለምሞክር “ፈረንጅ ከመጣ እሷን ጥሯት” ይባል ነበር። ፈረንጅ ደግሞ የት አለ! በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው፤ እሱም ስለ ጫካ ቡና የሚያጠና፣ ከደብተሩ ቀና የማይል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸች። ከአዲስ አበባ የጉዞ ወኪል ነኝ የምትል ሴት ናት፤ ቆፍጣና፣ ፈጣን፣ ለራሷም ለሰውም ትንፋሽ የማትሰጥ። አራት ፈረንጆች አሉኝ አለች፤ ሁለቱ ባልና ሚስት፣ ሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ ሁሉም በዕድሜ የገፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ጅማ በአውሮፕላን ያርፋሉ። መኪና ይዘሽ ትጠብቂያቸዋለሽ፣ ቦንጋ ታመጫቸዋለሽ፣ ሁለት ቀን ማንኪራ ጫካ ይውላሉ፤ ከዚያ የእኔ መኪኖች መጥተው በሺሺንዳና በሚዛን አድርገው ዝሆን ለማየት ወደ ኦሞ በረሃ ይወስዷቸዋል። ቀጥላ ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

“ቅበላውን ካሳመርሽልኝ አንቺም አብረሻቸው ትሄጃለሽ፤ አስተርጓሚዬ ትሆኛለሽ። ካበላሸሽው ግን የቦንጋን ስልክ ከደብተሬ እሰርዘዋለሁ።”

እሰይ! ስልኩን ዘግቼ ባንኮኒውን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ጫካ ውስጥ ተወልጄ፣ ከተማ ከተባለ ጅማን ሁለቴ ብቻ አይቼ፣ እኔ ዝሆን ልመለከት! የዚያን ዕለት ለሁለት ሰው አንድ ቁልፍ ሰጥቼ እንደነበር ኋላ ነው የተነገረኝ።

አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረብኝ፤ አባቴ። አባቴ የማንኪራ ሰው ነው። ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል፤ ከንቦቹ ጋር የሚያወራውን ያህል ከሰው ጋር አያወራም። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻውን ነው ያሳደገኝ፤ እሱ እሺ ሳይል የትም አልሄድም። ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ነገርኩት። ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ሁለት ሳምንት በረሃ ልሄድ ነው ስል ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ሰማኝ።

“እሺ ነው ወይስ እምቢ?” አልኩት።

“ሰምቻለሁ” አለኝና ዱላውን አንስቶ ሄደ።

ይሄ ምን የሚሉት መልስ ነው? ደሜ ፈላ። እኔ ነገር ሲንጠለጠልብኝ አልወድም፤ አንድም ቁረጥ፣ አንድም ፍለጥ! ቢሆንም የእሱን እሺታ እየጠበቅሁ ዝግጅቱን ተያያዝኩት።

መኪና መፈለግ ራሱ ጣጣ ነበር። በዚያ ዘመን ቦንጋ ውስጥ ለሰው የሚከራይ ደህና መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ከስንት ልመና በኋላ አንድ ላንድክሩዘር አገኘሁ፤ ሾፌሩን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ፣ ሻንጣ ደግሞ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫንበት። ወኪሏ በየቀኑ ትደውላለች። የታሸገ ውሃ ይኑር። ስማቸው በትልቁ በካርቶን ላይ ይጻፍ። ከጎናቸው እንዳትለዪ። ከሁሉ በላይ፣ ባልየው ጉልበቱን ያመዋልና እግሩን የሚዘረጋበት የሁለት ሰው ቦታ ይያዝለት፤ አንድም ሰው ተጣቦ እንዳይመጣ!

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። አራቱ እንግዶች የአምስት ሰው ቦታ ይይዛሉ፤ ሾፌሩና እኔ ስንጨመር ሰባት፤ ሁለት ቦታ ይተርፋል። እንዴት ደስ አለኝ! ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ስወጣ ምን ልይ? ሾፌሩ የመኪናውን ፊት በነጭና በቀይ ሪባን አስጊጦ፣ ኮፈኑ ላይ የላስቲክ አበባ ሰክቶበታል።

“አንተ! ምንድን ነው ይሄ?”

“እንግዳ ከአውሮፕላን ልንቀበል አይደል? እኔ እስከ ዛሬ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ የሄድኩት ለሙሽራ ብቻ ነው” አለኝ ኮራ ብሎ። ሪባኑን ልነጥቀው ስል በሩ ተከፈተና ከውስጥ እትዬ ብቅ አሉ። እትዬ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው፤ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጋቢና ተሰይመዋል። ከኋላ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊው በከረባት፣ የንግግር ወረቀት በእጃቸው። ከእሳቸው አጠገብ ደግሞ፣ ወይ ጉዴ፣ አባቴ! የክት ኮቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ በጉልበቶቹ መካከል አንድ ጀሪካን ማር ይዞ ተቀምጧል።

“ምንድን ነው ነገሩ?” አልኩ።

“እንዴ፣ ልንቀበል ነዋ!” አሉ እትዬ። “ከስንት አገር የመጣ እንግዳ አንዲት ልጅና ሾፌር ይቀበሉታል እንዴ? ነውር አይደለም?”

ወረቀቴን አወጣሁ። “እትዬ፣ ሲሄዱስ ግድ የለም፣ ይመቻል። ስንመለስ ግን በቦታ አሥር ነን፤ መኪናው ዘጠኝ ነው!”

“ጠጋ ጠጋ ብለን ነዋ።”

“ጠጋ ማለት የለም! ሰውየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል!”

ኃላፊው ወረቀታቸውን እያጣጠፉ “ፕሮግራሙ ላይ ንግግር አለኝ” አሉ። የቱ ፕሮግራም? ማን ያወጣው? ሁሉም ለመሄድ አስበዋል፤ መመለስ እንዳለ ትዝ ያለው አንድም ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚነሳ አውቶቡስ እንደሌለ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ቁጣዬን ማን ላይ ላውጣው? እትዬን አልደፍር፣ ኃላፊውን አልደፍር። ወደ አባቴ ዞሬ በቋንቋችን በካፊኖኖ “አባዬ፣ አውሮፕላን ማየት ካማረህ ሌላ ቀን አላሳይህም ነበር? የእኔን ሥራ ማበላሸት ነበረብህ?” አልኩት። ሰው ፊት እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ጀሪካኑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጊምቦን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ ሙቀቱና አቧራው ጨረሰን። ያም ሆኖ ኩርፊያዬ ጎጀብ ድልድይ ላይ ለቀቀኝ። ምን ላድርግ፣ ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ጅማ ገብቷል! በቃ፣ እግዜር ያመጣውን እንቀበላለን ብዬ እንግሊዝኛዬን በልቤ እያጠናሁ “እንኳን ደህና መጣችሁ”ን በአራት ዓይነት መንገድ ስለው ደረስን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አውሮፕላኑ ታየ። መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ሆዱ ከነመንኮራኩሩ በላያችን አለፈ። እኔና እትዬ ተያይዘን ጮህን። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። አባቴ ግን አውሮፕላኑን ቀና ብሎ አንዴ አየውና ዓይኑን ወደ መውጫው በር መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ከበሩ ላይ አላነሳም። ገረመኝ፤ አውሮፕላን አምሮት የመጣ መስሎኝ ነበር።

ወጡ። ካርቶኔን ከፍ አደረግኩ። አራቱም ነጭ ፀጉር፣ የሥራ ልብስ የሚመስል ካኪ የለበሱ። ባልየው ያነክሳሉ፤ ሚስትየዋ ደግፈዋቸዋል። ካርቶኑን፣ ሪባኑን፣ የእትዬን ቀሚስና የኃላፊውን ከረባት አዩና ሚስትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። “ይህ ሁሉ ለእኛ ነው?” አሉኝ። ኃላፊው ወረቀታቸውን ዘርግተው በእንግሊዝኛ ንግግራቸውን ለቀቁት፤ ግማሹ ባይገባም አራቱም አጨበጨቡ። እትዬ ሁሉንም አገላብጠው ሳሙ። ሴትየዋ እንባቸው መጣ። ስንት አገር ዞረናል፣ እስከ ዛሬ የተቀበለን ካርቶን የያዘ ሾፌር ብቻ ነው አሉ። እኔማ በደስታ ልፈነዳ!

አባቴ ማሩን ሰጣቸው። ሰጥቶ ግን ዞር አላለም።

“ልጅ አለሽ ወይ በያት” አለኝ በካፊኖኖ፣ ወደ ሚስትየዋ እያየ።

“አባዬ! እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?”

“በያት።”

እየተሽኮረመምኩ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ሳቅ ብለው ከቦርሳቸው ፎቶ አወጡ፤ የእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ናት። አባቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረ። በረሃ ላይ አብሯቸው ያለ ሰው ቢታመም ምን እንደሚያደርጉ አስጠየቀኝ። ሰውየው አልተቆጡም። ሻንጣቸውን እዚያው መሬት ላይ ከፍተው የመድኃኒት ሣጥን አሳዩት፤ ከበረሃ ወደ አዲስ አበባ የሚደውሉበት የሳተላይት ስልክ መያዛቸውንም አስረዱት። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። አባቴ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀና የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ጭነቱ ሲያልቅ ያልኩት ደረሰ። ባልየው እግራቸውን ዘረጉ፣ ሌሎቹ ገቡ፣ አንድ ሰው ተረፈ። እትዬ “እራቱን ማን ያሰናዳል?” አሉ። ኃላፊው “ነገ ጠዋት ስብሰባ አለኝ” አሉ። ሾፌሩ ደግሞ ሳቁን ሊያፍን ሪባኑን ያስተካክላል። ከእንግዶቹ ጎን እንዳትለዪ ያለችኝ ወኪል ትዝ አለችኝ። አባቴ ጅማ ላይ አንድም ዘመድ የለውም፤ ከቤቱ ውጭ ሲያድርም አላውቅም። እሱን ጥዬማ አልሄድም።

“እኔ እቀራለሁ” አልኩ። “ነገ በአውቶቡስ እመጣለሁ።”

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ወደ መኪናው መርቶ ከሴትየዋ ጎን አስቀመጠኝና በሩን ራሱ ዘጋው። ለሾፌሩ በዱላው ምልክት ሰጠው፤ መኪናው ተነሳ። ምን እንደተደረገ እንኳ አልገባኝም።

እትዬ ከጋቢና ዞር አሉ።

“አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከማንኪራ በእግሩ መጥቶ ለምኖኛል፤ ታውቂያለሽ? ‘ልጄን ለማላውቀው ሰው በስልክ አልሰጥም፤ ሰዎቹን በዓይኔ ልይ፣ እናንተም ምስክር ሁኑኝ’ ብሎ እኮ ነው እኔንም እሳቸውንም ያስነሳን። እንግዳ ልንቀበል የመጣን መሰለሽ? አንቺን ልናስረክብ ነው የመጣነው።”

ኃላፊው “እውነት ነው” አሉ ቀስ ብለው።

“አቁም!” ብዬ ጮህኩ። ፈረንጆቹ ደነገጡ። መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ዘልዬ ወረድኩና በአቧራው ውስጥ ወደ ኋላ ሮጥኩ። አባቴ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ይነጋገር ነበር። ጉልበቱ ላይ ተደፋሁ። ጠዋት ያልኩትን ይቅር በለኝ ልል ነበር፤ ያወጣሁት ግን ለቅሶ ብቻ ነው። አንስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ መረቀኝ፤ “በሰላም ሄደሽ በሰላም ግቢ” አለኝ። ዘበኛው ሳይቀር አሜን አለ። ከዚያ አባቴ በዱላው ገፋ አደረገኝ፤ “ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ሂጂ።”

ማታ ወኪሏ ደወለች። ሴትየዋን በስልክ አነጋግራቸው ስታበቃ “ምን አድርገሻቸው ነው እንዲህ የሚያወሩት?” አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? መኪና ተከራየሁ፣ ካርቶን ጻፍኩ፣ ሰው ተቆጣሁ፤ ሌላ ያደረግኩት የለም።

ከበረሃ ስመለስ ከቦንጋ በቀጥታ ወደ ማንኪራ ወረድኩ። አባቴ ደጁ ላይ ቀፎ ያበጃል። ማንኪራ በዋልንባቸው ሁለት ቀናት ከእንግዶቹ ጎን ሳልለይ ልጠይቀው ያልቻልኩትን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከነክነኝ የከረመውን ጥያቄ ሳልቀመጥ ጠየቅሁት።

“አባዬ፣ ያን ዕለት ጅማ የት አደርክ?”

ቀና ብሎ አየኝ። መክሳቴን አየ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቴን አየ፣ ፈገግ አለ። ቀፎውን ወደ ጎን አድርጎ አጠገቡ መቀመጫ ጠረገልኝ።

“እሱን ተይው” አለኝ። “ዝሆኑን ንገሪኝ።”