እድራችን ከተማ ሊጎበኝ የወጣ ዕለት

እኛ የኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ እድርተኞች አብረን አውቶቡስ የምንሳፈረው ለቀብር ብቻ ነበር። ሰው ስንሸኝ ኖረን የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት ግቢ በሙሉ አውቀነዋል። የትኛው ጋ ጭቃው ጫማ እንደሚያስቀር፣ የትኛው ጋ ጥላ እንደሚገኝ፣ የትኛው በር ላይ አውቶቡስ ማዞር እንደማይቻል ብትጠይቁን አንሳሳትም። ከተማውን ራሱን ግን በመስኮት፣ ያውም በእንባ ውስጥ ካልሆነ በቀር አላየነውም።

አንድ እሁድ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን ብድግ አሉ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው፤ ሲናገሩ ሞተር ተነስቶ ድምፃቸውን የሚውጠው ይመስል ይጮኻሉ።

«ጎበዝ! አዲስ አበባ ተለወጠች ይላሉ። መንገዱ ሰፋ፣ ፓርኩ በዛ፣ ፏፏቴው ተሠራ ይላሉ። እኛ የምናያት በቴሌቪዥን ነው። ሰው ሳይሞትብን አንድ ቀን ብንወጣ ምን ይለናል?»

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው እንጂ ሌላ ችሎታ ታይቶብኝ አይደለም። የዚያን ቀን ግን አፌን ያዝ ባደርግ ይሻለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሳምንት ስልጠና ኬፕታውን ልኮኝ ነበርና እዚያ ስላየሁት ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ማውራት ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ከተማውን ይዞራል፤ ደስ ያለህ ቦታ ትወርዳለህ፤ አይተህ ስትጠግብ ደግሞ በሚቀጥለው ትሳፈራለህ፤ ቲኬቱ አንድ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። የእድሩ አንጋፋ የሆኑት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴትዮ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ከወረድኩ በኋላ ወንበሬስ?»

«ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ እማማ።»

«መስኮት ዳር ቢሆንስ?»

«ቢሆንም።»

«ታዲያ ምን ቆርጦኝ እወርዳለሁ?»

ኬፕታውን ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሆነ ሆኖ ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ፤ አስጎብኚዋም እኔው ሆንኩ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ባለው ቅዳሜ ለመውጣት ተስማማን። አውቶቡሱን ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ተከራየን። ሹፌሩ ሁልጊዜ ለቀብር የሚወስደን ሰው ነው። «መንገዱንም እናንተንም አውቃለሁ» ስላለ ሌላ ለመፈለግ አልደከምንም። ከተማ በአውቶቡስ ልጎብኝ የሚል ሰው ቢያማክረኝ አስቀድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ቀብር የለመደ ሹፌር አትያዝ።

ቀጥሎ የምነግረው ስለ ጥሩንባ ነው። ሊቀመንበሩ ማንም እንዳያረፍድ ብለው የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ሰፈሩን እንዲቀሰቅስ አዘዙት። እሱም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነፋው። በእኛ ሰፈር ያ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። ነፊው ትንፋሹን ሰብስቦ «የእድሩ አባላት፣ ለሽርሽር ውጡ!» እስኪል ድረስ ጎረቤቴ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ግቢው መሀል ቆማ ነበር። ከማዶ ያሉት ሴትዮ ደግሞ ማን እንደሞተ በልባቸው ወስነው ማልቀስ ጀምረዋል፤ ከታመመ ብዙ ጊዜ የሆነው አንድ ጎረቤት አለና። እሱ ራሱ ጋቢውን ደርቦ በሩን ከፈተና «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቃቸው። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

እንዲህ ተቀስቅሶ የመጣ ሕዝብ ምን እንደሚመስል ገምቱ። ግማሹ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እጃቸው ለምዶት ነው። አንዷማ ትልቅ ሳፋ ሙሉ ንፍሮ ይዛ መጣች።

«ሽርሽር እኮ ነው የምንሄደው!» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን ባዶ እጄን እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።»

ንፍሮው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

ሹፌሩ መብራቱን አበራ፣ የግራና የቀኙን ፍሬቻ አንድ ላይ አስነሳ፣ እንደ ልማዱም በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል ማዝገም ጀመረ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ትራፊክ ፖሊሱ አየን። ነጠላውን አየ፣ ጃንጥላውን አየ፣ ፍሬቻውን አየ። ወዲያው መኪናውን ሁሉ በፊሽካ አቁሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳለፈን።

«ኧረ ንገረው!» አሉ ሊቀመንበሩ ሹፌሩን።

«ምን ልበለው?»

«ሰው አልሞተም በለው!»

«እሱ እኮ ሞተ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ጉዳዩ አውቶቡሱ ውስጥ ለውይይት ቀረበ። እስክንወስን ልደታን አልፈን ሜክሲኮ ደረስን። እኔ ያን መንገድ ለሥራ ስመላለስ እንዲህ በፍጥነት አልፌው አላውቅም።

ሜክሲኮ መብራት ያዘንና ሹፌሩ ነፋስ እንዲገባ በሩን ከፈተው። በዚያ ጊዜ አንድ ጥቁር ኮት የለበሰ ጎልማሳ ከመንገድ ዳር ሮጥ ብሎ ገባ። አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጽናችሁ» አለና አጠገቤ ክፍት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ የሊቀመንበሩ እንግዳ መሰለኝ። ሊቀመንበሩ በኋላ እንደነገሩኝ የእኔ ወንድም መስሏቸዋል። ንፍሮ ቀረበለት፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቃመ።

መጀመሪያ የቆምነው ለገሃር፣ አንበሳው ሐውልት ጋ ነው። ተነሥቼ አስጎብኚነቴን ጀመርኩ።

«እንግዲህ መውረድ የፈለገ ይወርዳል። አውቶቡሱ አንድ ዙር ዞሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስደናል። ያልፈለገ ይቀመጣል።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ማን ወርዶ ማን ሊቀር ነው?» አሉ እማማ። «አብረን መጥተን መለያየት ምን የሚሉት ነው? ወይ ሁላችን ነን፣ ወይ ማንም አይደለም።»

ሁላችንም ወረድን። አርባ ምናምን ሰው ነን። ማንም ሳያዘን ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተሰለፍን፤ ፊታችንን ወደ አንበሳው አዞርን፤ ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። እንዲህ ቆምን። ሌላ አቋቋም አናውቅማ። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሎተሪ አዟሪ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ማን ነው ያረፈው?» አለኝ።

«ማንም አላረፈም። አንበሳውን ልናይ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «መቼስ ምን ይደረጋል» ብሎ አዝኖ ሄደ።

ከዚያ ፒያሳ ሄድንና አንድ ኬክ ቤት ገባን። ወንበሩ አልበቃንም፤ አስተናጋጆቹ ከጓሮ ሳይቀር አምጥተው አስቀመጡን። ያ ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው አሁንም አጠገቤ ነው። ከፊት ለፊቱ ክሬም የተቆለለበት ኬክ ተቀምጧል። ኬኩን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ኬክ… የሟች ኑዛዜ ነው?»

«የየትኛው ሟች?»

«የሥራ ባልደረባዬ እናት ናቸዋ።»

«ሞቱ እንዴ?»

ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠ። ዓይኑ በራ። «አልሞቱም?»

ያን ተስፋውን ማጥፋት ነበረብኝ። ነገሩ ሲጣራ መሥሪያ ቤቱ ለቀብር አውቶቡስ ተከራይቶ ኖሮ፣ ሠራተኞቹ ሜክሲኮ ቆማችሁ ጠብቁ ተብለዋል። እሱ ትንሽ አርፍዶ ሲደርስ ነጠላ የዘቀዘቁ ሴቶች የሞሉበት አውቶቡስ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ አገኘ። ማን አይገባም? ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። አንበሳው ጋ ስንሰለፍ አስከሬኑ በዚያ በኩል የሚያልፍ መስሎት አብሮን ተሰልፏል። ኬክ ቤት ስንገባ ነው ግራ የገባው።

«ለምን አልጠየቁንም?» አልኩት።

«ለቅሶ ላይ ምን ተብሎ ይጠየቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሊቀመንበሩ ወሬውን ሰምተው ከማዶ መጡ። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት ነው የተባልነው። ሽሮ ሜዳ በኩል።»

ሰዓታቸውን አዩ። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር። ለከተማ ጉብኝት ብለን ከቤት የወጣን ሰዎች መሆናችን በዚያች ቅጽበት ከሁላችንም ፊት ላይ ሲጠፋ አየሁት። የምናውቀው ሥራ መጣ!

«ጎበዝ!» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ኬክ ቤቱ ተናወጠ። «ሰው ቀብር ሊያመልጠው ነው! ኬካችሁን በእጃችሁ!»

ሹፌሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣደፈ። ፍሬቻውን አጥፍቶ ጋዙን ረገጠው። እኔም አስጎብኚነቴን አልተውኩም፤ «በስተቀኝ የምታዩት… አለፈ። አራት ኪሎ ሐውልቱ… እሱም አለፈ» እያልኩ በአንድ እጄ ብረቱን፣ በአንድ እጄ ኬኬን ይዤ ቆሜያለሁ። ግን በፍጥነት ስንሄድ ማንም አላሳልፍ አለን። ሚኒባሱ ይቀድመናል፣ ትራፊኩ ያቆመናል፣ መብራቱ ሁሉ ቀይ ነው።

«ቀስ በል!» ብለው ጮኹ ሊቀመንበሩ። «ፍሬቻህን አብራና አዝግም! ቶሎ እንድንደርስ ቀስ በል!»

አዘገመ። መንገዱም ተከፈተልን። ስድስት ኪሎን እንደ ባለሥልጣን አለፍነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር የደረስነው አስከሬኑ ገና ሲገባ ነው።

ሰውዬው ሊሰናበተን ፈልጎ ነበር፤ እማማ ግን ቀድመውት ወርደዋል። «ብቻውን ልንሰደው ነው?» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። አርባ ምናምን ሆነን ተከትለነው ገባን። እማማ እንባቸው እውነተኛ ነበር። «እናት አይደለች እንዴ» አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት አልፈለጉም። ከቀብሩ በኋላ የሟች ልጅ፣ ያቺ የሥራ ባልደረባው፣ ሰውዬውን አቅፋ ስታለቅስ ቆየችና በትከሻው አሻግራ እኛን አየች።

«ይሄ ሁሉ ሰው ካንተ ጋር ነው የመጣው?»

እሱ ዞር ብሎ አየን። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁለት።

«አዎ» አለ።

አንድ አዛውንት ደግሞ ሊቀመንበሩን ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀምጠው በየትኛው በኩል ዘመድ እንደሆንን ጠየቋቸው። «እኛ ከኮልፌ ነን» አሉ ሊቀመንበሩ በጥንቃቄ። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና «አዎ፣ አዎ፣ የኮልፌዎቹ!» ብለው እጃቸውን ጨበጡ።

ሰውዬው ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሊመለስ ሲሰናበተን በር ላይ እየሳምነው ሸኘነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጸሐፊ፣ እንደዚያ እንደ ኬፕታውንሽ ወግ የወጣና የወረደ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

እዚያ ድረስ ከመጣን አይቀር እንጦጦ እንውጣና ከተማውን ከላይ እንየው ተባለ። አንድ ቦታ ወርዶ ሁሉን ማየት ከተቻለ ምን ቸገረ አልን። ወጣን፤ ሁላችንም አብረን ወረድን፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ጉም ነበር። ነሐሴ መሆኑን የረሳሁት አስጎብኚዋ ነኝ። ከፊታችን ከተማ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ነጭ ብቻ ነው።

ማንም አልተከፋም። ሊቀመንበሩ ጃንጥላቸውን ቀስረው «ያ ኮልፌ ነው» አሉ።

«የለም፣ ጋሼ፣ ኮልፌ ወደዚህ ነው» አለ ሹፌሩ፤ ከሌላው ነጭ የማይለይ ሌላ ነጭ እያሳየ።

«አንተ ደግሞ! እሱማ ጉለሌ ነው!»

ክርክሩ ጦፈ። ንፍሮ ያመጣችዋ የገዛ ቤቷን ጣሪያ አየሁ ብላ ማለች። እማማ ዓለም ባንክ ድረስ ቆጥረው ጨረሱት። ቀዝቃዛው ነፋስ ጆሯችንን እስኪቆርጠው ድረስ አንዱ ሲያሳይ ሌላው ሲያርም ቆየን፤ በመጨረሻም ሹፌሩ በስልኬ ፎቶ አነሳን። አርባ ምናምን ሰው ጃንጥላውን ይዞ ነጭ ነገር ፊት ቆሞ ይስቃል። አሁን ፎቶው እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አዲስ አባል ሲመጣና የት እንደተነሳን ሲጠይቅ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አዲስ አበባን ስንጎበኝ ነው» እንላለን።