ሽብሩ ያመነው መጋዝ

ካርቲየ 6 በተባለው ሰፈር ቁም ሣጥን የሚሠራው ሽብሩ፣ የገዛ ሜትሩን እንኳ በሌላ ሜትር ሳያመሳክር አያምንም። የመጋዝ ማሽን ሊገዛ መሣሪያ ሻጩ ኡበይድ ዘንድ ሲሄድ መሞከሪያ የሚሆን ቺፕውድ ከቤቱ ተሸክሞ ሄደ፤ የነጋዴ ጣውላማ ለነጋዴው ያደላል!

ኡበይድ ለማሳያ በቆመው ማሽን ቆረጠለት። ሽብሩ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ አንድም ቦታ አልተሸረፈም። ኡበይድ ያንኑ ዓይነት ማሽን በካርቶን እንደታሸገ ሲያመጣለት ግን የሽብሩ ፊት ተለዋወጠ።

«ሞኝህን ፈልግ! በዓይኔ ያየሁትን ስጠኝ።»

«ወላሂ፣ አዲሱ ይሻልሃል ወንድሜ።»

«መማልህ ራሱ ነው ያስጠረጠረኝ!»

ኡበይድ ትከሻውን ሰብቆ የማሳያውን አስጫነለት፤ ካርቶኑንም ከፍቶ አዲሱን በቦታው አቆመ። ሽብሩ ደስ ብሎት ይዞት የሄደው ማሽን፣ እንደ እሱ ያለ ተጠራጣሪ በመጣ ቁጥር ሲቆርጥ የከረመ ነበር።