ለመቱው ቤት ደረጃ የማያንሸራትት ድንጋይ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ኅዳር ወር አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የምሄደው መቱ ላለው የአባቴ ቤት ደረጃ ግራናይት ለመምረጥ ነበር። ለድንጋይ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይደለም፤ የኔ ምክንያት ግን የሚከተለው ነው።

አባቴ አቶ ተሾመ ጡረታ ሲወጡ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠሩ። ደረጃው በውጭ በኩል፣ ከግቢው ወደ ላይ የሚወጣ ነው። የደረጃውን ድንጋይ እኔ እችላለሁ ብዬ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ግራናይት መርጬ በአይሱዙ ላክሁላቸው። ባለፈው ሐምሌ እናቴ ወርቅነሽ በዝናብ ከጓሮ ጎመን ቀጥፋ ስትመለስ አራተኛው እርከን ላይ አዳለጣት። ዳሌዋ ተሰበረ። ሦስት ሳምንት ተኝታ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ አባቴ ደወሉልኝ። "ድንጋዩን አስነቅዬዋለሁ። መጥተህ ሌላ እንመርጣለን" አሉኝ። የድንጋዮች ፎቶ ልላክልዎ ብላቸው፣ "ከሩቅ የተመረጠውን አየነው" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ረቡዕ፣ ከጅማ ወደ መቱ

ጅማ አድረን በማለዳ ተነሳን። በደሌ ላይ ለምሳ ወረድን፤ እኔ ግን ከሻይ በቀር የሚወርድልኝ ነገር አልነበረም። ከበደሌ ወዲያ አስፋልቱ እየተቆራረጠ ሄደ። ሾፌሩ ጉድጓድ ለመሸሽ ከጥግ ጥግ ሲያሽከረክር እኛም አብረን እንወዛወዛለን። ያዮ ስንደርስ ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል ያዘው። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቀይ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ይታያሉ፤ በየደጁ ሸራ ላይ ቡና ተሰጥቷል። ጫካው ውስጥ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው እስከ መስኮታችን ይረጫል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ማር ነጋዴ ናቸው። የማር ጀሪካናቸውን በሁለት እግራቸው መሀል ይዘው፣ ጥቁር ሸሚዜን ሲያዩ ቆዩና "ለለቅሶ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እናቴ ናት፣ እትዬ። አራት ወር ሆናት።"

"ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ" አሉ። ወዲያው በአማርኛ ደገሙልኝ፤ "እግዜር ያጽናህ። ታማ ነው?"

"ደረጃ ላይ ወድቃ ነው። ድንጋዩ አንሸራትቷት።"

"ያነጠፈው ሰው ምን አለ?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ኀዘን የያዘኝ መስሏቸው ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው በእጄ አፈሰሱልኝ። ሁሩሙ ላይ ገበያው አልተበተነም ነበር፤ ጀሪካናቸውን አስወርጄላቸው ተሰነባበትን። ከዚያ እስከ መቱ ድረስ ጥያቄያቸው ከራሴ አልወጣም።

መቱ ከመናኸሪያው በባጃጅ ቤት ደረስኩ። ከበሩ ጎን የተሰባበረው ጥቁር ግራናይት ተከምሯል። ደረጃው ራቁቱን ቀርቶ ሲሚንቶው ብቻ ይታያል። አባቴ አልጋቸውን ምድር ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ዘርግተዋል። ከቀብሩ ወዲህ ወደ ላይ አልወጡም። ብርዱ ሲጠናባቸው እንኳ ካፖርታቸውን ከላይ አላወረዱም፤ ጎረቤት ጋቢ አውሷቸዋል።

ሐሙስ፣ መቱ

በጠዋት ወደ ሱልጣን ሱቅ ሄድን። ሱልጣን ከስልጤ መጥቶ መቱ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው። አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ። ቀዩንም፣ አመዳማውንም፣ ነጠብጣብ ያለበትንም ግራናይት እያወጣ ከግድግዳ ጋር አስደገፈልን።

አባቴ ከያዙት ፌስታል ውስጥ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ አወጡ። አንድ እግር ብቻ ነው። የእናቴ መሆኑን ወዲያው አወቅሁት፤ ያን ቀን ያደረገችው ነበር።

"አንዱን መሬት ላይ አጋድምልኝ" አሉት። "ውሃም አምጣ።"

ሱልጣን በጆግ ውሃ አምጥቶ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰ። አባቴ ተንበርክከው ጫማውን ውሃው ላይ አኖሩ፣ በመዳፋቸው ተጭነው ገፋ አደረጉት። ጫማው ተንሸራቶ ከድንጋዩ ወጣ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ነው። ዕቃ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ያያሉ። አባቴን ከተንበረከኩበት ላነሳቸው ስጠጋ እጄን ገፉት።

"ጋሼ፣ እኔ ዘንድ ያለው ሁሉ ፊቱ የተወለወለ ነው" አለ ሱልጣን። "ሻካራውን የሚያውቀው ፍቃዱ ነው። ጎሬ ከሥራ የተረፈው ድንጋይ አለው ይባላል።"

የፍቃዱን ስም ሲሰሙ አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። ፍቃዱ ያንን ጥቁር ድንጋይ ያነጠፈልን ግንበኛ ነው። በቀብሩ ቀን ሊያለቅስ ሲመጣ አባቴ ከሰው ፊት፣ "ሚስቴን የገደልካት አንተ ነህ፤ ከፊቴ ጥፋ" ብለውታል። ከዚያ ወዲህ መቱ ውስጥ ሥራ የሚሰጠው አጣ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጎሬ፣ አማቱ ግቢ ገባ።

አባቴ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ፍቃዱ ድንጋዩን ከማንጠፉ በፊት ደውሎልኛል። "ይሄ ለውጭ ደረጃ አይሆንም፣ በዝናብ ያንሸራትታል። እንዲሻክር ፊቱን በመዶሻ ልምታው" አለኝ። "ስንት ደክሜ የመረጥኩትን ልታበላሽብኝ ነው? እንዳለ አንጥፈው" ብዬ ዘጋሁት። በቀብሩ ቀን አባቴ ሲጮሁበት አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም። አራት ወር ሙሉ አልከፈትኩም።

"ጎሬ እንሄዳለን" አሉ አባቴ። "ድንጋዩን እንጂ ሰውየውን አላይም።"

ዓርብ፣ ጎሬ

ሚኒባሱ ዳገቱን ይዞ ሲወጣ ጉም ነበር። ጎሬ ከኮረብታዋ ላይ የምትታየው ደጃፏ ስንደርስ ነው። ከአሮጌዎቹ መሥሪያ ቤቶች ቁልቁል ወርደን የፍቃዱን አማት ግቢ ጠይቀን አገኘን። ፍቃዱ ከስቷል። አባቴን በሩ ላይ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና እጅ ነሳ።

"ድንጋይ ልናይ ነው የመጣነው" አሉት አባቴ፣ ሰላምታውን ሳይመልሱ።

ከቤቱ ጓሮ፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ አመዳም ግራናይት አሳየን። ፊቱ በመዶሻ ተወቅሮ ሻክሯል። አባቴ ጫማውን አወጡ። ፍቃዱ ጫማውን ሲያይ ምን እንደሆነ ገባው፤ ሳይታዘዝ ውሃ አምጥቶ አፈሰሰ። አባቴ ተጫኑት፣ ገፉት። ጫማው ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጃቸው ገፉት። ያዘ።

እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው፣ "ይህን እያወቅህ፣ ያንን ለምን አነጠፍክብኝ?" አሉት።

ፍቃዱ ወደ እኔ አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ" አለ።

"አባዬ፣ የሱ አይደለም" አልኩ። "ደውሎልኝ ነበር። እንደሚያንሸራትት ነግሮኛል፤ ፊቱን ልምታው ሲለኝ እኔ ነኝ የከለከልኩት።"

አባቴ አላዩኝም። ፍቃዱን "እውነት ነው?" አሉት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ለሷስ ነግረሃት ነበር?"

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ጋሼ። 'ልጄ የመረጠው ነው፣ አትንካው፤ እኔ ተጠንቅቄ እረግጣለሁ' አሉኝ።"

አባቴ ጫማውን በጋቢያቸው ጠርዝ አድርቀው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። ሊነሱ ሲሉ አቃታቸው፤ የፍቃዱን ክንድ ይዘው ቆሙ። ክንዱን ሳይለቁ፣ "በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ" አሉት። ፍቃዱ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። እኔን ማንም ምንም አላለኝም።

ስንመለስ አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ከኋላ ሆኜ እስከ መቱ ማጅራታቸውን ሳይ ሄድኩ።

ቀሪዎቹ ቀናት

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ቃላቸውን ጠበቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እድርተኛውን ሰብስበው፣ "ፍቃዱን ያለ ጥፋቱ ነው የወነጀልኩት" አሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልተናገሩም። ሰው ግን ወደ እኔ ያይ ነበር።

ሰኞ ፍቃዱ ድንጋዩን ከጎሬ አስጭኖ መጥቶ ሥራ ጀመረ። ሦስት ቀን አሸዋ ነፋሁለት፣ ውሃ ተሸከምኩለት። በሁለተኛው ቀን፣ "ለምን ዝም አልክ? ስሜን ብትጠራ ኖሮ ሥራህን አታጣም ነበር" አልኩት።

ሲሚንቶውን ማስተካከሉን ሳያቋርጥ፣ "ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውንም ልቀማቸው?" አለኝ። ከዚያ ግን ጨመረ። "አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ እጠብቅ ነበር።"

ረቡዕ ማታ የመጨረሻው እርከን አለቀ። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ሁለት ቀን ጠበቅን። ዓርብ ጠዋት አባቴ ደረጃው ሥር ቆሙ። ልደግፋቸው ብጠጋ፣ "ተወኝ" አሉ። አራተኛው ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወጡ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የእናቴን ልብሶች በነጠላ ቋጥረው ወረዱ። ለሚስኪን እንዲሰጥ ለጎረቤት አስረከቡት።

መልስ

ቅዳሜ ማለዳ ተሳፍሬ እሑድ አዲስ አበባ ገባሁ። ባለቤቴ "ደረጃው እንዴት ሆነ?" አለችኝ። "አያንሸራትትም" አልኳት፤ ከዚያ ለሷም ደብቄ የቆየሁትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።

ድንጋይን የሚረግጠው ሰው ይምረጠው፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገርም ይሰማ፤ ይህን ከመንገዱ ተምሬአለሁ። የከበደኝ ግን የድንጋዩ ስህተት አይደለም። እሱን ስሠራ ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም፤ ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።

መድረሴን ለመንገር መቱ ደወልኩ።

"ገባህ?" አሉ አባቴ።

"ገባሁ፣ አባዬ።"

ከወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማል። "ፍቃዱና ልጆቹ ለምሳ መጥተዋል፣ እየጠበቁኝ ነው" አሉ። መቼ ትመጣለህ ይሉኛል ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። "በል ደህና ሁን" ብለው ዘጉት።