ዓይኔ ቢጫ የሆነ ሰሞን

በደርግ ጊዜ እኔም ባለቤቴም ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪዎች ነበርን። ከሦስተኛ ልጃችን በኋላ "ትንሽ እንረፍ" ተባብለን የወሊድ መከላከያ እንክብል ጀመርኩ። ከጤና ጣቢያ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ቤተሰቦቼ ይህን ሲሰሙ እንደማይወዱ ስለምናውቅ ለማንም አልነገርንም።

ብዙም ሳይቆይ ያሳክከኝ ጀመር። መጀመሪያ መዳፌን፣ ከዚያ የውስጥ እግሬን፣ ከዚያ መላ ሰውነቴን። በበቆሎ ቆረቆንዳ ቆዳዬ እስኪደማ እፈገፍግ ነበር። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። አንዷ ጎረቤት "የወፍ በሽታ ነው" ስትል ሌላዋ "መርዝ ነው፤ ባልዋ ሌላ ሊያገባ ነው" አለች። ወሬው ጊምቢቹ ገጠር ያሉት ሁለቱ ወንድሞቼ ዘንድ ደረሰ።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ ሁለቱም መጡ። ታላቁ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሚሊሻ ነው፤ ጠመንጃውን ይዟል። ዓይኔን ገልጦ አየና ባለቤቴን በሰደፍ አገጩን መታው። ታናሹ በዱላ ወረደበት።

"ምንድን ነው ያበላሃት? ተናገር!"

ባለቤቴ ደም እየተፋ ዝም አለ። እኔን ላለማጋለጥ መሆኑ ገባኝ። ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁት።

"ተዉት! እንዳልወልድ እንክብል እየዋጥኩ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ታላቁ ወደ እኔ ዞረ። "አሰዳቢ! ማህፀንሽን ታደርቂያለሽ?" ብሎ በጥፊ መሬት ላይ ጣለኝ። በእርግጫ ሊደግመኝ እግሩን ሲያነሳ ከሙቀጫው ዘነዘናውን መዝዤ ጉልበቱን አልኩት። ወደቀ። ባለቤቴ ጠመንጃውን በደህና እጁ ጎትቶ ወንድሜ እንዳያነሳው ላዩ ላይ ተኛበት። ጎረቤት ደርሶ ገላገለን።

ሦስታችንንም በአንድ ጋሪ ሐኪም ቤት ወሰዱን፤ ታናሹ እያለቀሰ ከኋላ ይከተል ነበር።

ሐኪሙ ስለ እንክብሉ ስነግረው "ባለፈው እርግዝናሽ መጨረሻም ያሳክክሽ ነበር?" ሲል ጠየቀኝ።

"በጣም።"

"እንግዲያው ይህ መድኃኒት ለአንቺ አይስማማም። ሐሞትሽ ከጉበትሽ እንዳይወርድ ይዞታል። ዛሬውኑ አቁሚው፤ ይለቅሻል።"

እውነትም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። የባለቤቴ ክንድ ግን ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ ሰሌዳ ላይ በግራው መጻፍ ለመደ። ከዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ባለቤቴ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለው። እኔ እስከ በር ሸኘሁት እንጂ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም።