የነጩ የመጀመሪያ ጠመንጃ

አማቼን ሰፈሩ ሁሉ ነጩ ይለዋል። ወፍጮ ቤት ውሎ ሲወጣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት ስለሚለብስ ነው። ልጄ ስታገባው፣ «ይህ ሰው ዝንብ እንኳ አይቆጣም» ብዬ ነበር። ደንበኛ ሲጮህበት አቀርቅሮ የሚስቅ፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የቱ ኩሽኔታ ግራሶ እንደጠማው የሚያውቅ ሰው ነው። ወፍጮውን የሚያሠሩት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር።

ወንድሙን የገደሉት በጠራራ ፀሐይ ነው። ነጩ ናፍጣ ሊገዛ ሄዶ ሳለ ሁለት ሰዎች እህል አስፈጪ መስለው ገቡ። አንደኛው በጋም ክረምትም ረጅም ካፖርት የማይለየው፣ ካፖርቱ የሚባል ወሮበላ ነው። ወንድምየው የቀኑን ገቢ አልሰጥም አለ። ካፖርቱ የወፍጮ ድንጋይ ማንሻውን ብረት አንስቶ ጭንቅላቱን መታው። ከወደቀም በኋላ መታው። ደጅ የቆሙት ሴቶች ሲገቡና ሲወጡ አዩአቸው እንጂ፣ ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር የሰሙት ነገር የለም። ነጩ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲገባ ወንድሙ ተዘርግቶ፣ ዙሪያው የፈሰሰው ዱቄት ደሙን ጠጥቶ ቀይ ሊጥ ሆኖ አገኘው። እኔና ልጄ አስከሬኑን ስናጥብ ከጆሮው ውስጥ ዱቄቱን አውጥተን መጨረስ አቃተን።

ካፖርቱ አልተያዘም። ጭራሽ መጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ «የታናሹም ተራ ይደርሳል» ማለቱን ሰማን። ነጩ ከዚያ ወዲያ መሳቅ ተወ። አንድ ቀን ራት ላይ እጁን ሳይታጠብ ተቀምጦ፣ «ጠመንጃ ልገዛ ነው። ፈቃዱንም አውጥቻለሁ» አለ። ልጄ ተነሥታ ማድ ቤት ገባችና በዓይኗ ጠራችኝ።

«እማዬ፣ አብረሽው ሂጂ።»

«ስለ ጠመንጃ እኔ ምን አውቄ?»

«ስለ እሱ ታውቂያለሽ። ለመጠበቅ ከሆነ ይግዛ፣ እሺ። ያንን ሰውዬ ለመግደል ከሆነ ግን ባሌንም አጣሁት ማለት ነው። አንድም ይገድሉታል፣ አንድም እንደነሱ ይሆንብኛል። ዓይኑን እያየሽልኝ።»

ጠመንጃ ጠግኖ የሚሸጠውን ሰው ስምንቴ ይሉታል፤ የቀሩት ጣቶቹ ስምንት ናቸውና። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ብረት የሚነክስ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ በሰንሰለት የተያያዙ ጠመንጃዎች ናቸው። ስንገባ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ደህና ዋሉ፣ እናቴ። ጠመንጃው ለእርስዎ ነው?»

«ለእኔማ ምላሴ ይበቃኛል» አልኩት።

ሳቀና ወደ ነጩ ዞረ። «ለምን ፈለግከው?»

«ወፍጮ ቤቴን ልጠብቅበት።»

«ለጥበቃ ከሆነ ደርሰሃል። ለበቀል ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለው በር ነው። ሬሳ ሳጥን ሠሪ ነው። ሁለት ባንዴ ለሚያዝዝ ሰው ዋጋ ይቀንሳል።»

የነጩ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከግድግዳው እጅግ የሚያብረቀርቀውን መርጦ ጠቆመ።

«ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለ ስምንቴ። «ሰደፉ አዲስ ቀለም የተቀባው ስንጥቁ እንዳይታይ ይሆናል። የመጀመሪያ ጠመንጃ በመልክ አይገዛም። ና፣ ይህን ያዝ። አይ፣ ከመያዝህ በፊት!»

መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስቦ ከፈተው። ጥይት የሚተኛበትን ቦታ በዓይኑ አየ፣ ከዚያም ትንሿን ጣቱን ከትቶ ዳሰሰ። «በዓይንህም በጣትህም» አለና አቀበለው። «ባዶ ነው የሚልህ ወንድምህ ቢሆንም አንተው አይተህ ነው የምታምነው። አፈሙዙንም ልትገድለው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። አሁን አማትህ ላይ እያነጣጠርክ ነው።»

ነጩ ደንግጦ ወደ መሬት አዞረው። «እኔ ላይ ቢያነጣጥርም ከልቡ አይደለም» አልኩ።

ከዚያ ስምንቴ መቀርቀሪያውን ጨርሶ አወጣና ነጭ ወረቀት ከበስተኋላ ይዞ፣ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ብርሃኑን እንዲያይ አደረገው። የብርሃኑ ቀለበት አንድ ቦታ በጥቁር ጥላ ከተቋረጠ ቱቦው አብጧል፣ አይገዛም አለው። መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ካልገጠመ ብረቶቹ አንድ ላይ አልኖሩም፣ አይገዛም። ሰደፉ ትከሻ ውስጥ ካልተቀመጠ መንጋጋ ይሰብራል፣ አይገዛም። ነጩ እንደ ተማሪ እየደገመ አዳመጠ። በመጨረሻ መልኩ ያረጀ፣ ውስጡ ግን እንደ መስታወት የጠራ አንድ ጠመንጃ መረጡ።

«ጣቶችህን ምን በላብህ?» አልኩት ስምንቴን፣ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ።

«ጨርቅ» አለኝ። «ቱቦውን ስወለውል ቁራጭ ጨርቅ ውስጡ ቀረ። ሳላይ ተኮስኩ። ብረቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተተረተረ። እኔ ጣቶቼን መሬት ላይ ስፈልግ፣ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ አንገቱን ይዞ ይንቋረር ነበር። ስንጣሪው ጉሮሮው ገብቶ ነው። እጄን ላደርግበት ብል ደሙ በጣቶቼ መሀል እየወጣ አልያዝ አለኝ።» ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ወደ ነጩ ዞረ። «ከኋላ ወደ ፊት ወልውል። ዘይት ጠብታ ብቻ፣ እሱንም መልሰህ ጥረገው። መጀመሪያ ሰሞን እየመጣህ አሳየኝ፤ ተኩሰን እንሞክረዋለን።»

የት እንደሚሰቅለው ግን አልጠየቀውም። ነጩም አልነገረውም።

የሰቀለው ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ ባለ ምስማር ላይ ነው። ጥይቱን ቁልፍ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ለብቻው አኖረ፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። በዚህስ አልታማም። ጠዋት ጠዋት ግን ወፍጮውን ዘይት አጠጥቶ ሲጨርስ፣ በዚያው ዘይት ጠመንጃውንም ያጠጣዋል። ዘይቱ ሰደፉ ድረስ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ዱቄቱ ይዘንብበታል።

«ልጄ፣ ሰውዬው ጠብታ አላለም?» አልኩት ነጩን።

«እማማ፣ ብረት ከብረት ሲተሻሽ ዘይት ይወዳል። ወፍጮዬ እስከ ዛሬ በምን ሠራ?»

ስምንቴም ጋ አልተመለሰም። የተኮሰው በገዛበት ሰሞን ብቻ ነው፤ ትከሻው በልዞ፣ «ቀላል ነው» እያለ መጣ። እኔ ግን ዓይኑን አይ ነበር። በመንገድ ላይ ረጅም ልብስ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀድሞ ወደ ምስማሩ ያያል። ማታ ለልጄ ይህንን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሁለቱ ሰዎች የመጡት ከቀትር በኋላ ነው፤ ደንበኛ በሌለበት። እኔ ምሳ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ልጄ ዱቄት ትጠርጋለች፤ ሞተሩ ይሠራል። ነጩ በሩ ላይ ጥላ ሲያይ ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ጠመንጃውን አውርዶ ጥይት አጎረሰ። እስኪዞር ካፖርቱ የልጄን ፀጉር ጠምዝዞ ቢላዋ አንገቷ ላይ አድርጓል።

«ጠመንጃ ገዝተሃል አሉኝ» አለ እየጮኸ፣ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ። «ቤትህ ድረስ መጥቼ ልረከብህ ብዬ ነው። እንኳን ደስ ያለህ!»

ነጩ አልሰጠውም። ካፖርቱ ልጄን ለጓደኛው ገፍቶ ቢላዋውን ይዞ መጣበት። ነጩ መቀርቀሪያውን ሊዘጋ ገፋ፤ ግማሽ ሄዶ ተያዘ። በመዳፉ መታው፣ ደግሞ መታው፣ ተዘጋ። ቃታውን ሳበ። እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቀጭ አለና ዝም።

ካፖርቱ ሳቀ። «እሱም እንዳንተ ፈሪ ነው!» ብሎ ቢላዋውን ነጩ ክንድ ላይ ሰካው። ወጋው፣ ነቅሎ ደግሞ ወጋው። ደሙ ዱቄቱ ላይ ሲረጭ አየሁት። ነጩ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ፊቱን መታው። ጥርሶቹ ሲረግፉ፣ ጉንጩ ሲሰነጠቅ አየሁ። ልጄ የያዛትን ሰው እጅ እስኪደማ ነከሰች። ነጩ ደግሞ መታው፣ ሰደፉ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ካፖርቱ እየተንገዳገደ ወደ ኋላ ሄደ። የልብሱን ጫፍ ሞተሩን ከወፍጮው መዘውር ጋር የሚያገናኘው ረጅም ቀበቶ፣ ቺንጋው ያዘው።

ካፖርቱ ተጠቅልሎ እጁን አስከትሎ ገባ፤ በቺንጋውና በመዘውሩ መሀል። የጮኸው ጩኸት ሞተሩን አስረሳኝ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ጓደኛው ይህን አይቶ ልጄን ለቆ በሩን ሳይዘጋ ሮጠ።

ነጩ ወደ ሞተሩ ሄደና ማጥፊያው ላይ እጁን አሳረፈ። አሳረፈና ቆመ። ከክንዱ ደም እየተንጠባጠበ ካፖርቱን ያየዋል።

«አጥፋው!» አልኩት።

«ወንድሜም ጮሆ ይሆናል፣ እማማ» አለኝ። «የሰማው የለም።»

መዘውሩ ሰውየውን እስከ ክርኑ ወሰደው፤ ከዚያ ቺንጋው እየተንሸራተተ ሥጋውን ይፍቀው ጀመር። የጨርቅና የሥጋ ሽታ ሸተተኝ። ማጥፊያውን ራሴ ልስበው ብሮጥ የነጩ እጅ ላዩ ላይ ነው፤ ብጎትተው ብረት ነው፣ አይነቃነቅም። ልጄ ግን አልጮኸችም። ዱቄቱ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷ ላይ ቀጭን ደም እየወረደ፣ ባሏን ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱም አያት። ፊቱ ነጭ ነበር፤ ከዓይኑ በታች ብቻ እንባው ዱቄቱን አርሶ ወርዷል። ማጥፊያውን ሳበው።

ሞተሩ ሲቆም ጆሮዬ ጭው አለ። ነጩ የወደቀውን ቢላዋ አንሥቶ ቺንጋውን በጠሰና ካፖርቱን አወጣው። የጆንያ ሲባጎ አምጥቶ ከክርኑ በላይ ክንዱን እስኪሰምጥ አሰረለት። «አትሙት» ይለው ነበር ሲያስር፤ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ ስድብ። «አትሙትብኝ!»

ካፖርቱ አልሞተም። እጁን ሐኪም ቤት ቆረጡት፤ ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደ። ጓደኛውም ተያዘ።

የነጩ ክንድ ሲድን ጠመንጃውን ስምንቴ ጋ ወሰድነው። ስምንቴ መቀርቀሪያውን ፈታና ከውስጡ በምስማር የደረቀ ግራጫ ነገር ፋቀ። ጥይቷን የምትመታዋ መርፌ እዚያ ውስጥ ተጣብቃ ነበር።

«ይህ ጠመንጃ ነው ሊጥ?» አለ።

«ዘይት አበዛሁበት» አለ ነጩ።

«ወፍጮ ቤት ነው ያኖርከው እንዴ? ዱቄትና ዘይት አብረው!» ስምንቴ የራሱን ግንባር መታ። «እኔም አልጠየቅኩህ። አቧራ ያለበት ቤት የሚውል ጠመንጃ በደረቅ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ዘይት አይንካው። በየጊዜውም ፈትተህ እየው።» አዲስ ሰደፍ ገጠመለትና፣ መፍታቱን ነጩ ራሱ እስኪችል አስደጋገመው።

ነጩ አሁንም ባለወፍጮ ነው። ቺንጋው ላይ ክዳን አስበየደ። ጠመንጃው የሚያድረው ቤት፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እሱ ሲሄድ በሸራ ተሸፍኖ ነው። እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይፈታዋል፤ ባዶነቱን በዓይኑም በጣቱም አይቶ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ጨርቁን በመወልወያው ዘንግ ጫፍ እየጠመጠመ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ያን ቀን ማጥፊያው ላይ ብዙ ቆምኩ?»

«ቆመሃል» አልኩት። «ሰውየው እጁን እስኪያጣ ቆመሃል።»

ጨርቁን ፈታና እንደገና ጠመጠመ።

«ከዚያ ደግሞ ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ ልጄ። ሌላ ሰው አላጠፋውም።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጥታ ከጎኑ ተቀመጠችና መቀርቀሪያውን በጉልበቷ ላይ ያዘችለት። እሱ ጨርቁን ከኋላ ወደ ፊት ገፋ፣ አወጣ፣ ወደ ብርሃኑ አነሣና አየው፤ ጥቁር ነበር። ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠመጠመ።